ከሽቦው ማዶ የተጣራች እናት

በአሥመራ ከተማ፣ ጸጸራት በሚባለው ሰፈር፣ ጣራዋ በዝገት የቀላ አንዲት ክፍል ቤት ነበረች። በዚያች ቤት ሦስት ሴቶች ይኖሩ ነበር፤ አያት፣ እናትና ልጅ። አያቲቱ ወይዘሮ ለተሰንበት ይባላሉ። ባላቸው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ሳሉ በሳንባ ምች ከሞቱባቸው ጊዜ ጀምሮ፣ በከሰል ካውያ የጣልያኖችን ሸሚዝ እየተኮሱ አንዲት ልጃቸውን ያሳደጉ፣ አንገታቸውን ለማንም ያልደፉ ሴት ነበሩ። ከትግርኛ ሌላ የሚያውቁት ቢኖር የሸሚዝና የሱሪ ጣልያንኛ ብቻ ነው። አማርኛ? አማርኛማ በደጃቸውም አላለፈ! «መንግሥት በተለዋወጠ ቁጥር አፌን የምለውጥ እኔ በቀቀን ነኝ?» ይሉ ነበር። ጎረቤቱም ይስቅላቸው ነበር።

ልጃቸው ሓረጉ ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች። ገና በስምንት ዓመቷ፣ እናቷ የተተኮሰ ልብስ ሊያስረክቡ ሲሄዱ ቀሚሳቸውን ይዛ ትከተልና፣ ከጣልያኖቹ ሳሎን የሚወጣውን የግራማፎን ዘፈን እንደሰማች እዚያው ደረጃው ላይ ትወዛወዝ ነበር። ትከሻዋ የሐበሻ፣ እግሯ የፈረንጅ! የቤቱ እመቤት ወጥታ ስታጨበጭብላት ወይዘሮ ለተሰንበት በእፍረት መሬት ትዋጠኝ ይላሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ጆሮዋን ይቆነጥጧታል፤ ልጅቱም እያለቀሰች፣ በእንባዋ መካከል፣ እግሯን በአስፋልቱ ላይ ምት ታስመታዋለች። እንዲህ ያለውን ልጅ ማን ይችለዋል? ፈጣሪ በእግሯ ውስጥ ያስቀመጠውን እናት በቁንጥጫ ልታወጣው ነው? አልሆነም፤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ «ጎህ» የተባለ የሙዚቃና የቲያትር ማኅበር ውስጥ ገባች። እናቷ አንድ ወር ሙሉ አኮረፉ። ከዚያ ግን በመጀመሪያው ትርኢቷ ዋዜማ የመድረክ ቀሚሷን እጥፋት አንድ በአንድ ተኩሰው፣ አልጋዋ ላይ ዘርግተውላት ተገኙ። በእርሳቸው ቋንቋ ይቅርታ ማለት እንዲህ ነበር።

በኅዳር ወር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ባንዲራው ወረደ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ተቀየረ፤ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ተቀየረ። ቲያትሩም እንዲሁ! ትርኢት ሁሉ በአማርኛ ይሁን ተባለ። በትግርኛ ሲያስለቅሱ የነበሩ አንጋፋ ተዋንያን በአማርኛ ሲሞክሩት ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰባቸው። አንዱ «ልቤ ተሰበረ» ሊል «ልቤ ተሰብሯ» ብሎ፣ ከዚያች ቀን በኋላ ዳግመኛ መድረክ አልወጣም። ሓረጉ ግን በትምህርት ቤት አማርኛዋ ወደ ፊት ተገፋች። ከአዲስ አበባ የመጣው አዘጋጅ፣ አቶ አስፋው፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን የሚወድ፣ በሥራው ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር። በልምምድ ሰዓት እጇን ጉሮሮዋ ላይ ያስይዛትና «ሐረግ፣ ጉሮሮሽን ተይው! አማርኛ ከከንፈር ነው። 'ዓይኔ' አይደለም፤ 'አይኔ'። 'ሓቄን' አይደለም፤ 'ሀቄን'። በእጅሽ ስር ምንም እንዳይንቀሳቀስ!» ይላታል። እሷም ወራት ሙሉ እንዲሁ አደረገች። በእናቷ ጡት የጠጣቻትን የጉሮሮ ድምፅ በገዛ እጇ ይዛ አስቀረቻት። ካርታው ላይ አገር ሲቀየር እንግዲህ እንዲህ ባለ ትንሽ ቦታ ነው የሚቀየረው፤ በአንዲት ልጃገረድ ጉሮሮ ላይ።

ዝናዋ ገነነ። እስክስታዋን ከትግርኛው ጭፈራ ከጓይላው፣ ጓይላውንም ከፈረንጁ ጭፈራ ጋር እየቀየጠች ስትወርድ አዳራሹ ይናወጥ ነበር። የእሑድ ከሰዓቱን ትርኢት ለማየት ሰው ከቅዳሴ በቀጥታ ይመጣል። ዳሩ ግን ሁለት ስድብ ይከተላት ጀመር። ሽማግሌዎቹ «አዝማሪት» ይሏታል፤ ጎረምሶቹ ደግሞ «ምላሷን የሸጠች» ይሏታል። እሷ ለሁለቱም ፈገግ ብላ ታልፍ ነበር። መደበር በሚባለው፣ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ በሚሆንበት የብረት ገበያ የሚሠራ ተኽኣ የሚሉት ቀጥቃጭ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው፤ ቃሓውታ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተው ተጋቡ። ጸሃይ ተወለደች። ልጅቱ ሁለት ዓመት እንደሞላት ተኽኣ «ሱዳን፣ ከሰላ ሥራ አገኘሁ» ብሎ አንድ ማለዳ ወጣ። ደብዳቤ አልመጣም። አንዳንዱ ሰው ከሸማቂዎቹ ጋር ሜዳ ወጣ አለ፤ አንዳንዱም ሌላ አገባ አለ። ሓረጉ ልጇን አዝላ ጸጸራት፣ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ወይዘሮ ለተሰንበት አንድም ነገር ሳይጠይቁ አልጋውን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁላት።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። የዚያ ቤት ዓይን ጸሃይ ነበረች! ሁለቱም ሴቶች የሚተነፍሱት በእሷ ነበር። ስድስተኛ ዓመቷን እንደያዘች ጉሮሮዋን አመማት፤ ጉንፋን ነው ተባለ። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ፤ እድገት ነው ተባለ። ከዚያ ከቤት እስከ ፌርማታው እንኳ መራመድ አቃታት። ሐኪሙ ጆሮውን ደረቷ ላይ አሳርፎ ብዙ ጊዜ ቆየና፣ የልቧ በር በትክክል እንደማይዘጋ፣ ይህን የሚያይ ሐኪም ደግሞ ያለው አዲስ አበባ ብቻ እንደሆነ፣ እዚያም ቢሆን ያለ ትልቅ ሰው ደብዳቤ አልጋ እንደማይገኝ ተናገረ። ደብዳቤ! የስድስት ዓመት ሕፃን ልብ በአንድ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለች። አይ የድኻ ልጅ!

በ1962 ዓ.ም. ግንቦት መግቢያ ላይ አቶ አስፋው የምሥራች ይዞ መጣ። ማኅበሩ ለአንድ ወር አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፤ ሓረጉም ዋናዋ ተዋናይት ናት። እዚያ ወይዘሮ ኣልማዝ የሚባሉ የአንድ ትልቅ ሹም ባለቤት አሉ፤ ቲያትር ይወዳሉ፤ ካዘኑ ይረዳሉ። «ደብዳቤውን ከእሳቸው ታገኛለሽ፤ ልጅቱን ከዚያ ታስመጫታለሽ» አላት። ሓረጉ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ሸሸ።

በመለያያው ጠዋት ጸሃይ ትራሷ ላይ ተደግፋ እናቷ ሻንጣ ስትዘጋ ታይ ነበር። ጠርታት፣ እጇን ወስዳ በትንሿ ደረቷ ላይ አኖረችውና «ማማ፣ ልቤ እንዳንቺ ትጨፍራለች። ቁጭ በይ በያት» አለቻት። «ስመለስ እነግራታለሁ» አለች ሓረጉ። ወይዘሮ ለተሰንበት እስከ አውቶቡሱ ሸኟት። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ሓደራ። ልጅቱ ካዘነበለች እጠራሻለሁ፤ በጠራሁሽ ቀን እንዳታድሪ» አሏት። «እወ ኣደይ» አለች፤ እሺ እናቴ፤ ማለችም።

አዲስ አበባ ሓረጉን በጭብጨባ ተቀበለቻት። ወይዘሮ ኣልማዝም ከትርኢቱ በኋላ አስጠርተው ጉንጯን ስመው፣ የልጇን ታሪክ ሰምተው አለቀሱ። ነገር ግን በማግስቱ ባላቸውን ተከትለው ወደ ሐረር የሚሄዱ ሆኑ። «እናንተም በሚቀጥለው ሳምንት ሐረር ትጫወታላችሁ አይደል? እዚያ ነይ፤ ደብዳቤውን ባሌ ፈርሞ እሰጥሻለሁ» አሏት። የሐረሩ ትርኢት ደግሞ ሓረጉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድረኩን ብቻዋን የምትይዝበት፣ በሕይወቷ ሙሉ የተመኘችው ሥራ ነበር። ልቧ ግን እረፍት አጣ፤ ወደ አሥመራ ሳትደውል ላለመሄድ ወሰነች።

በዚያን ዘመን ስልክ እንደ ዛሬ ቀላል ነገር አልነበረም። ደዋዩ ቀጠሮ ያስይዛል፤ የሚፈለገው ሰው በወረቀት ይጠራና በቀኑ በሰዓቱ ስልክ ቤት ይቀርባል። ወይዘሮ ለተሰንበት ያቺን ወረቀት ሲቀበሉ «እግዚአብሔር ነው የላካት» አሉ፤ ምክንያቱም ጸሃይ ከሁለት ቀን በፊት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ቁጭ ብላ እንጂ ተኝታ መተንፈስ አቅቷት ነበር። ሕፃኗን ለጎረቤታቸው ለኣስካሉ ሰጥተው፣ በባዶ ሆዳቸው፣ ከቀጠሮው ሦስት ሰዓት ቀድመው ስልክ ቤት ተገኙ። ስልክ ይዘው አያውቁም፤ በሁለት እጃቸው እንደ መስቀል ያዙት።

ሓረጉ በአዲስ አበባው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማ «ኣደይ! ጸሃይ ከመይ ኣላ?» ስትል ጮኸች፤ ጸሃይ እንዴት ናት? መልሱ ዘይት ላይ ውሃ እንደተረጨ ነበር፤ ተንጫጫ እንጂ ቃል አልሆነም። መስመሩ ሊቋረጥ ነበር። «ሓረር ክኸይድ ዶ ወይስ ክምለስ?» አለች፤ ሐረር ልሂድ ወይስ ልመለስ? ይህን ጊዜ የአዲስ አበባዋ ስልከኛ መሐል ገባች። «እህቴ፣ ላንቺ ባይሰማሽም ለእኔ ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል፤ ቆይ ላዳምጥልሽ» አለቻት፤ ለበጎ ነው። በዚያኛው ጫፍ ወይዘሮ ለተሰንበት «ክምለስ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰምተው፣ በሙሉ ጉልበታቸው «ሕጂ! ሕጂ ንዒ! ሕጂ!» እያሉ ይጮሁ ነበር፤ አሁን! አሁን ነይ! አሁን! «ንዒ»ን ሽቦው በላት። የተረፈችዋን ቃል ስልከኛዋ ሰማች፤ አማርኛ ብቻ የምታውቅ ልጅ ናትና በአማርኛ ሰማቻት።

«ሰማኋቸው። 'ሂጂ፣ ሂጂ' ነው የሚሉሽ እናትሽ» አለች።

እስቲ ፍረዱ! በአንዱ ቋንቋ «አሁን» የሆነች ቃል በሌላው ቋንቋ «ሂጂ» ሆና ትምጣ? ይህ የሰው ጥፋት ነው? ግን ታሪኬን ሳልደብቅ ልናገር፤ ነገሩ በዚህ ቢያበቃማ በምን እድሌ! ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ስር፣ ሩቅ፣ ጭል ጭል የምትል የእናቷን ድምፅ ሓረጉም ሰምታለች። ያቺን ከጉሮሮ ተፍቃ የምትወጣዋን «ሕ» ሰምታለች! ለስልከኛዋ ጆሮ «ሕ»ም «ሂ»ም አንድ ናቸው፤ ለአሥመራ ልጅ ግን እናትና እንጀራ እናት ናቸው። አንድ ጊዜ ልቧ ዘለለ። «እርግጠኛ ነሽ?» ስትል ጠየቀች። «ሂጂ ነው እንጂ! ሦስት ጊዜ አሉ» አለቻት። ሓረጉ የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች፤ ፈታችው። ደብዳቤው ሐረር ነው። ሐረር ደግሞ መድረኩ ብቻዋን ይጠብቃታል። ከሁለቱ የትኛው ነው የገፋት? ለልጇ ስትል ሄደች? ወይስ ለጭብጨባው? እሷም እስክትሞት ድረስ አላወቀችውም። ብቻ «እሺ... የቐንየለይ» ብላ አመስግና ስልኩን አስቀመጠች።

ወይዘሮ ለተሰንበት እየሮጡ ቤት ገብተው «ማማሽ መጣች! ነግሬያታለሁ፤ በመንገድ ላይ ናት» አሏት ለሕፃኗ። በማግስቱ አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ሄደው ቆሙ። በሦስተኛው ቀን ሄዱ። በአራተኛውም ሄዱ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሰዎቹን አራግፎ ባዶውን ሲቀር፣ ሾፌሩን በምልክት «የቀረ የለም?» ይሉት ነበር። ጸሃይ በር በተንኳኳ ቁጥር ዓይኗን ትገልጥ ነበር። በስድስተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐረር ላይ መጋረጃው ተከፍቶ ሓረጉ ትከሻዋን ስታራግፍ፣ ሕዝቡም በእግሩ ቆሞ ሲጮህላት፣ ያቺ ትንሽ ልብ ጸጸራት ላይ ቁጭ አለች። አያቲቱ እስኪመሽ ድረስ ከጭናቸው አላወረዷትም።

ሓረጉ ደብዳቤውን በደረቷ ይዛ መጣች። ማኅተሙ የታተመ፣ ፊርማው የተፈረመ፣ የጸሃይ ስም በአማርኛ ተውቦ የተጻፈበት! ከአውቶቡሱ ወርዳ መንገዱን በሩጫ ጨረሰችው። በሩ ላይ እናቷን አየች፤ ከል ለብሰዋል፤ ራሳቸውን ተላጭተዋል። ደብዳቤው ከእጇ ወደቀ። ጩኸቷን የሰማ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ወይዘሮ ለተሰንበት ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«ሕጂ አልኩሽ» አሉ። «በምድር የቀረኝን ትንፋሽ ሁሉ አውጥቼ፣ ሕጂ አልኩሽ።»

«ኣደይ... ስልከኛዋ 'እናትሽ ሂጂ ነው የሚሉሽ' አለችኝ። በአማርኛ 'ሂጂ' ማለት 'ኪዲ' ማለት ነው። ኪዲ ያልሽኝ መሰለኝ...»

ይህ ለአሮጊቷ ቀልድ መሰላቸው፤ ከዚያም ከቀልድ የከፋ፣ በሬሳ ላይ የተነገረ ውሸት መሰላቸው። «አሁን» የምትል ቃል እንዴት ብላ «ሂጂ» ትሆናለች?

«በየትኛው ቋንቋ ነው የወለድኩሽ?» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ለተሰንበት ልጃቸውን አላናገሩም።

እንግዲህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ መከራው አላበቃም። ሓረጉ ሐዘኗ ሳይወጣላት ወደ መድረክ ተመለሰች፤ ሌላ ምን ታውቃለች? በሁለተኛው ወር ላይ፣ በአንድ እሑድ ትርኢት፣ ባሏን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ በቁጣ «ሂጂ ከፊቴ!» ይላታል። እሷም እየጨፈረች፣ እያለቀሰችም መውጣት ነበረባት። ተዋናዩ ቃሉን አለ። ሓረጉ ቆመች። ሙዚቀኞቹ ምቱን ደገሙ። «ሂጂ አልኩሽ!» አለ ሰውዬው ደግሞ። አልተነቃነቀችም። ተመልካቹ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አፏጨ፤ ኋላ ዝም አለ። እሷ ሁለት እጆቿን ጆሮዎቿ ላይ አድርጋ በመድረኩ መካከል ቁጭ አለች። አቶ አስፋው ራሱ ወጥቶ ደግፎ አስገባት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ሓረጉን በመድረክ አላያትም። ያቺ አዳራሽ የሚናወጥላት ሴት!

ሥራ ስትፈልግ መደበር ገባች። እዚያ የበርበሬ ወፍጮ ያለው መንግስትኣብ የሚባል ሰው ከሴቶቹ ጋር አስቀመጣት። ቀኑን ሙሉ በርበሬ እየቀነጠሰች ትውላለች። መዶሻ በዙሪያዋ ሲደልቅ እግሯ ሳታዝዘው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሌሎቹ ሴቶች አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። በቤት ውስጥ ያለው ዝምታ ግን ከበርበሬው ይብሳል። እናቷ ምሳዋን ከድነው ያስቀምጡላታል፤ ልብሷን አጥበው ይተኩሱላታል፤ ሲያማት ጋቢ ይደርቡላታል። ቃል ግን የለም! ከግድ ሲሆን ከግድግዳው ጋር ያወራሉ፤ «በሩ ይዘጋ፤ ብርድ ገባ» ይሉታል ግድግዳውን። ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ ሓረጉ «ጓለይ» የምትለዋን ቃል ተጠማች። ደግሞስ ምን ብላ ትሟገታለች? የተናገረችው ውሸት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም። እናቷ ያላመኗት በእውነቱ እኩሌታ ነው፤ ሌላውን እኩሌታ ደግሞ ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተናገረችውም። በሦስተኛው ዓመት ሳል ጀመራት፤ ከበርበሬው ነው አለች። ደም መትፋት ስትጀምር ሆስፒታል አስተኟት። ወይዘሮ ለተሰንበት በየቀኑ ሾርባ ይልኩላት ነበር፤ በኣስካሉ እጅ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጾም ሊፈታ ሲል፣ ወይዘሮ ለተሰንበት እህል ሊያስፈጩ ወደ መደበር ወረዱ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ በየመንገዱ መገናኛ ወታደር ቆሟል። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት መኪና መሄጃው ላይ ቆማ ሸክሟን ታስተካክላለች። ወታደሩ እጁን እያወናጨፈ «ሂጂ! ሂጂ እንጂ!» ሲል ጮኸባት። ሴትዮዋ ደንግጣ እግሬ አውጪኝ አለች።

ወይዘሮ ለተሰንበት ባሉበት ደረቁ። በእርሳቸው ጆሮ፣ ወታደሩ በዚያ ጉሮሮ በሌለው አፉ «አሁን» ነው ያላት፤ ታዲያ ሴትዮዋ ለምን ሄደች? ወደ መንግስትኣብ ዞሩ። «እንታይ ኢልዋ?» አሉት፤ ምን አላት?

«ኪዲ ኢልዋ» አላቸው እሱ፤ ሂጂ አላት።

«ኣይፋልን! አይደለም! 'ሕጂ' ነው ያለው! በጆሮዬ ሰማሁት!»

መንግስትኣብ ሳቀ። «ኣደይ ለተሰንበት፣ አምሓርኛ እኮ ነው። በነሱ ቋንቋ 'ሂጂ' ማለት 'ኪዲ' ነው። እርስዎ አሥር ዓመት ሙሉ ይህን አያውቁም?»

ስልቻው ከእጃቸው ወርዶ እህሉ ተበተነ። ያቺ ጉልበቷ የማይታጠፍላት ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነጠላዋ እየተጎተተ በገበያው መካከል ሮጠች! ከበርሜሉና ከብረቱ መሐል፣ በመኪናው መሐል፣ ፌርማታውን አልፋ ሮጠች። «ጓለይ! ጓለይ!» እያለች ትጮህ ነበር። የሞተባት ነው መሰለኝ እያለ ሰው መንገድ ለቀቀላት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ገና ቀትር ነበር። ሓረጉ በመስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ነበረች፤ ከብርድ ልብሱ ስር ሰው ያለ አይመስልም። ወይዘሮ ለተሰንበት በጉልበታቸው ወድቀው እጇን ያዙ።

«ጓለይ! ሰማሁት! ዛሬ በጆሮዬ ሰማሁት! እውነትሽን ነበር። ያቺ የስልክ ሴት ናት! አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ፣ እኔ ድንጋዩ... ሦስት ዓመት ቀበርኩሽ፤ ማርኚኝ ልጄ!»

ሓረጉ እናቷን አየች። ስትጠማ የኖረችው ቃል መጥቶላታል፤ «ጓለይ» ተብላለች! አሁን ዝም ብትል ሁሉም ነገር ያልቃል። ሁለቱም በሰላም ያለቅሳሉ፤ እሷም ንጹሕ ሆና ትሞታለች። ማን ይወቅሳታል? እውነቱን የሚያውቅ ከእግዚአብሔር በቀር ማን አለ?

«ኣይፋልን ኣደይ» አለች። ድምፅዋ ሹክሹክታ ነበር። «ሰምቼሻለሁ። ከሷ ድምፅ ስር ያንቺን ሰምቻለሁ። ጉሮሮሽን የማላውቀው ይመስልሻል? 'ሕጂ' እንዳልሽ ልቤ አውቆታል። አውቄ... አውቄ ሄድኩ።»

በክፍሉ ውስጥ ሌላ በሽተኛ ሳል ጀመረው፤ ነርስ ጎማ ያለው ጠረጴዛ እየገፋች አለፈች። የወይዘሮ ለተሰንበት እጅ ከልጃቸው እጅ ላይ ተነሣ። ተነሥተው ቆሙ። ሓረጉ ዓይኗን ጨፈነች፤ የእርምጃቸውን ድምፅ ወደ በሩ ሲሄድ ሰማች። አልጠራቻቸውም፤ በምን አፏ?

ትንሽ ቆይቶ እርምጃው ተመለሰ። ወይዘሮ ለተሰንበት ለብ ያለ ውሃ በሳህን ይዘው መጥተዋል። የአልጋውን ግርጌ ገልጠው ቁጭ አሉ።

«ኣደይ... የነገርኩሽን ሰማሽኝ?» አለች ሓረጉ።

«እግርሽን ዘርጊው» አሉ።

ያንን አጥንት የቀረው እግር፣ አገር ያጨበጨበለትን እግር፣ ጣት በጣት አጠቡት። አደረቁት። በነጠላቸው ጠቀለሉት። ሦስት ቀን እንዲሁ እየመጡ አጠቧት፤ በአራተኛው ቀን ሓረጉ ሞተች፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከልጇ ጎን ተቀበረች። «ጎህ» ማኅበር አበባ ላከ፤ አቶ አስፋው ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አለቀሰ።

ዕድል! ዕድል እንላለን እኛ፤ አፍ የለውምና አይመልስልንም። ያቺ ስልከኛ ዛሬም በሕይወት ካለች፣ ሁለት ሰው የገደለች ተብላ በአንድ ሰፈር ሁሉ እንደምትረገም አታውቅም። የሽቦው ጥፋት ነው? የቋንቋው ነው? ወይስ ልብ የምትሻውን ብቻ የምትሰማ ከንቱ ፍጥረት በመሆኗ? እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው በአርባው ቀን፣ ሐዘንተኛ በተሰበሰበበት፣ ወይዘሮ ለተሰንበት የስልኩን ታሪክ እንደገና ከመጀመሪያው ሲተርኩ የሆነውን ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲያዳምጡ ኣስካሉ ድንገት ቀና ብላ ጠየቀች።

«ሓረጉስ? የእናቷን ድምፅ ጨርሶ አልሰማችም?»

ወይዘሮ ለተሰንበት የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

«አልሰማችም» አሉ። «እኔ እናቷ ነኝ፤ አውቃታለሁ። ብትሰማ ትመጣ ነበር።»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዕድሏ ነው አሉ።